ነጭ በትር በስልክ፦ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የእንቅስቃሴ ክህሎትን ከሩቅ ማስተማር

በአዳሪ ትምህርት ቤት የሚማር ዓይነ ስውር ልጅ የግቢውን እያንዳንዱን ጥግ ያውቃል። ክረምት ሲገባና ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ ግን ከጓዳ እስከ መጸዳጃ ቤት እንኳ እጁን ተይዞ ነው የሚሄደው። በሰፈሩ የአካቶ ትምህርት ቤት (ከሚያዩ ልጆች ጋር አብሮ) የሚማረውም ቢሆን የድጋፍ ማዕከሉ መምህር ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያስተምርበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲዘጉ ይህ ክፍተት ይበልጥ ገሃድ ወጣ። ስልክ ክፍተቱን በከፊል ይሞላል። በከፊል ያልነው አስበንበት ነው፤ የመምህሩ ድምፅ ልጁን ከመውደቅ አያድነውም። የሚያድነው አጠገቡ ያለው እጅ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው። ሰው ሲራመድ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ይሄዳል። ኔትወርክ ምስሉን አንድ ሰከንድ ካዘገየው፣ መምህሩ አይቶ «ቁም» እስኪል ሌላ ጊዜ ከወሰደ፣ ድምፁም ተመልሶ እስኪደርስ ከዘገየ፣ ልጁ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ተራምዷል። ክፍት ቦይ ለመግባት አንድ እርምጃ ይበቃል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ ይቆማል፦ ከሩቅ ያለው መምህር ዕውቀቱን ያስተምራል፣ ደኅንነቱን የሚጠብቀው ግን በአካል ያለው ረዳት ነው። ረዳት ከሌለ የዚያን ቀን እንቅስቃሴ የለም፤ ልጁ ተቀምጦ ካርታና አቅጣጫ ይማራል።

ረዳቱን መምረጥና ማዘጋጀት

ከቤተሰቡ መካከል ቢያንስ 16 ዓመት የሞላው፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ40 ደቂቃ ሊገኝ የሚችል አንድ ሰው ይመረጥ። ተማሪዋ ሴት ከሆነች እናት፣ እህት ወይም አክስት ብትሆን ይሻላል፤ ትምህርቱ ክንድና ትከሻ መንካትን ይጠይቃልና። አንዴ አባት፣ አንዴ ታላቅ ወንድም፣ አንዴ ጎረቤት እየተቀያየሩ የሚረዱበት ቤት ውስጥ ልጁ ቶሎ አይሻሻልም፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ መንገድ ይጎትተዋልና።

ከመጀመሪያው ትምህርት በፊት ረዳቱን ብቻውን ለ20 ደቂቃ አነጋግሩት። ሦስት ነገር ይልመድ። አንደኛ፣ ልጁን አይጎትትም፣ አይገፋም፤ አብረው ሲሄዱ ልጁ ነው የእሱን ክንድ ከክርኑ ከፍ ብሎ የሚይዘው፣ ግማሽ እርምጃም ወደኋላ ይሆናል። መንገዱ ሲጠብ ረዳቱ የተያዘውን ክንድ ወደ ጀርባው ያዞራል፤ ልጁም ይህን ሲያውቅ ከኋላው ይሰለፋል። ሁለተኛ፣ «እዚህ»፣ «እዚያ»፣ «ወዲህ» የሚሉ ቃላት ከንግግሩ ይወጣሉ። ዓይነ ስውር ልጅ «እዚያ ጋ አለልህ» ሲባል ምንም አልተነገረውም። «በቀኝህ፣ ሁለት እርምጃ ላይ፣ በወገብህ ከፍታ» ይባላል። ሦስተኛ፣ ልጁ ቆም ብሎ ሲያስብ ረዳቱ ዝም ይላል። ይህ ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ እናት ልጇ ግድግዳ እየፈለገ ሲዳስስ አይታ ዝም ማለት ያንገበግባታል። «እስከ አሥር በልብዎ ይቁጠሩ፤ አደጋ ካልሆነ አይናገሩ» ብላችሁ በአክብሮት ንገሯቸው።

መምህሩም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ጥያቄውን ለልጁ ራሱ ያቅርብ እንጂ «ዛሬ ደህና ነው? በትሩን ይዟል?» እያለ በረዳቱ በኩል አያውራው።

ስልኩ የት ይሁን?

ልጁ ስልክ በእጁ አይያዝ። አንድ እጁ የበትር ነው፣ ሌላው ነጻ መሆን አለበት። ስልኩን የሚይዘው ረዳቱ ነው። ዕቃ ላይ አቁሞ ማስቀመጥ የሚቻለው ልጁ ባለበት ቆሞ ሲለማመድ ብቻ ነው።

ለበትር ትምህርት ሦስት የካሜራ ቦታዎች ያስፈልጋሉ። ዋናው ከኋላ ነው፤ ረዳቱ ሦስት ሜትር ያህል ርቆ፣ ስልኩን አግድም አድርጎ በደረቱ ከፍታ ይይዛል፤ ከልጁ ትከሻ እስከ እግሩ፣ የበትሩም ጫፍ በግራና በቀኝ ሲነካ መታየት አለበት። ከኋላ ሲቀረጽ የመምህሩ ግራ የልጁም ግራ ነው። ከፊት ለፊት ከተቀረጸ ግን ይገለባበጣል፣ መምህሩም በጥድፊያ «ወደ ግራ» ሲል ወደ ቀኝ ይሰደዋል። ሁለተኛው ከጎን ነው፤ የእጅ አያያዝንና ጫፉ ከመሬት ምን ያህል እንደሚነሳ ያሳያል። ሦስተኛው በጉልበት ከፍታ ሆኖ ጫፉን ብቻ የሚያሳይ ነው። አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ሦስት ሜትር የራቀ ረዳት ልጁን ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ከኋላ ሆኖ መቅረጽ የሚፈቀደው ቦይ፣ ደረጃና ገደል በሌለበት ሜዳ ወይም ግቢ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ላይ ወይ ሁለተኛ ሰው ይቅረጽ፣ ወይ ምስሉ ይቅርና ረዳቱ አጠገቡ ይሁን።

የልጁ ሁለቱም ጆሮዎች ነጻ ይሁኑ። የጆሮ ማዳመጫ ካስፈለገ ረዳቱ በአንድ ጆሮው ያድርገው፤ የመምህሩ ድምፅ ለልጁ የሚደርሰው ቆሞ ሳለ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ነው። ልጁ እየተራመደ መምህሩ አይናገርም። የሚራመድ ዓይነ ስውር በጆሮው መንገዱን እያነበበ ነው፤ በዚያ ሰዓት ማውራት የሚያይን ሰው ዓይን በእጅ እንደመሸፈን ነው።

ኔትወርክ ደካማ ከሆነ ቪዲዮውን ዝጉና በድምፅ ቀጥሉ። ረዳቱ በኋላ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ የሚሆን ቅጂ ይቅረጽና በቴሌግራም ይላክ፤ መምህሩ እያቆመ፣ እየመለሰ ያየዋል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከቀጥታ ጥሪ ይልቅ እንዲህ ያለው ቅጂ ስህተትን በደንብ ያሳያል። የበትር ድምፅ ለመስማት ስትፈልጉ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ የጥሪ መተግበሪያዎች «ጫጫታ» ያሉትን ድምፅ ያጠፋሉ፣ የበትሩ ጠቅታም አብሮ ይጠፋል። በዙም ላይ «ኦሪጂናል ሳውንድ» የሚለውን ማብራት፣ በሌሎቹ ላይ ደግሞ በስልኩ ድምፅ መቅጃ ቀድቶ መላክ ይፈታዋል። ለዚህ ሁሉ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቅጂውም ከታየና ነጥቡ ከተመዘገበ በኋላ ይጥፋ።

የ«ቁም» ልምምድ

ከማንኛውም ነገር በፊት ይህ ይሠራ። «ቁም» (ለሴት «ቁሚ») የሚለው ቃል ለአደጋ ብቻ ይለይ፤ ለሌላ ማቆሚያ «እንረፍ» ይባል። ልጁ የረዳቱን ክንድ ሳይዝ በግቢ ውስጥ ሲራመድ ረዳቱ ባልተጠበቀ ሰዓት ቃሉን ይናገራል፤ ልጁ በአንድ እርምጃ ውስጥ ሁለት እግሩን ገጥሞ፣ በትሩንም አቁሞ መቆም አለበት። አሥር ጊዜ ተሞክሮ አሥሩንም ካልቆመ ከግቢው በር አይወጣም።

ሰውነትና አቅጣጫ

ተቀምጦ የሚሠራ በመሆኑ ለስልክ በጣም የሚመች ክፍል ነው፤ መምህራን ግን ቸኩለው ያልፉታል። ልጁ ግራና ቀኙን በራሱ አካል ላይ ያውቅ ይሆናል፤ ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ግራ እጅ በየት በኩል እንደሆነ ግን ላያውቅ ይችላል። ሩብ ዙር፣ ግማሽ ዙር መዞርን ጀርባውን ከግድግዳ አስደግፎ ይለማመድ፦ ጀርባው ግድግዳ ከነካ፣ ሩብ ዙር ከዞረ በኋላ ትከሻው ግድግዳ መንካት አለበት። ረዳቱ አየሁ ሳይል ልጁ ራሱ የሚያረጋግጠው መመዘኛ ስለሆነ ደስ ይለዋል።

የሰዓት አቅጣጫ («ሱቁ በሁለት ሰዓት በኩል ነው»፣ ማለትም በሰዓቱ ገጽ ላይ ቁጥር 2 ባለበት በኩል) ጠቃሚ ቢሆንም ወጥመድ አለው። ሲወለድ ጀምሮ የማያይ ልጅ የግድግዳ ሰዓት ገጽ ምን እንደሚመስል ነክቶ ላያውቅ ይችላል። ክብ ሰሃን ላይ 12 ባቄላ በሊጥ አጣብቁለት፣ 12ን በማሽላ ፍሬ ለይታችሁ ወደ ደረቱ ተቃራኒ አስቀምጡት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ተጠቀሙበት። ምሥራቅና ምዕራብን ደግሞ ፀሐይ ታስተምራለች፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሙቀቱ ፊቱ ላይ ከሆነ ወደ ምሥራቅ ቆሟል፣ ቀኝ እጁ ደቡብ ነው። ቀትር ላይ ይህ አይሠራም።

ያለ በትር ራስን መጠበቅ

ለቤት ውስጥ ሁለት የእጅ አቀማመጦች ይበቃሉ። ላይኛው፦ ክንድ እስከ ትከሻ ከፍ ይላል፣ ክርን ይታጠፋል፣ መዳፍ ወደ ውጭ ይዞራል፣ የጣቶች ጫፍ ከተቃራኒው ትከሻ ትንሽ ያልፋል፤ ከፊት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ክፍት የመስኮት መዝጊያንና የልብስ ማስጫ ገመድን የሚያገኘው ይህ እጅ ነው። ታችኛው፦ ሌላው እጅ ወደ ተቃራኒው ጭን አግድም ይወርዳል፤ ጠረጴዛና ወንበርን ያገኛል።

ግድግዳ ለመከተል ክንድ ወደፊት በዳሌ ከፍታ ይዘረጋል፣ ጣቶች ትንሽ ይታጠፋሉ፣ የትንሿና የቀለበት ጣት ጀርባ ግድግዳውን በስሱ ይነካል። የጣት ጫፍ ከሆነ በስንጥቅ ገብቶ ይጎዳል። የእኛ ሰፈር አጥር ግን ብዙ ጊዜ የቆርቆሮ ስለት፣ ሚስማር ወይም ሽቦ ያለበት ነው፤ እሱን በእጅ ሳይሆን በበትር ይከተል። ረዳቱ አስቀድሞ አጥሩን ዞሮ ያይ።

በትሩ

ርዝመቱን ከሩቅ ለመለካት ረዳቱ በገመድ ይለካ። ልጁ ጫማ አድርጎ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከመሬት እስከ ደረት አጥንቱ ታችኛ ጫፍ ዝቅተኛው ርዝመት ነው። ፈጥኖ ለሚሄድ እስከ ብብቱ ቢረዝም ይሻለዋል፤ ረጅም በትር ጉድጓዱን ቀድሞ ይነግረዋልና። ልጅ ያድጋል፤ በየስድስት ወሩ እንደገና ይለካ። ተጣጣፊ በትር ከሆነ ውስጡ ያለው ላስቲክ አለመላላቱን፣ መጋጠሚያዎቹ አለመወዛወዛቸውን በቪዲዮ እዩ። ፋብሪካ የሠራው እስኪገኝ ድረስ ቀጥ ያለ ደረቅ ቀርከሃ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ለመለማመጃ ያገለግላል። ከባድ እንጨት ግን አይሁን፤ አንጓ ይደክማል፣ የመሬቱም ስሜት ወደ እጅ አይደርስም። ኮብልስቶን ላይ ቀጭን ጫፍ በድንጋዮቹ መካከል ይሰካል፤ ወፍራም ክብ ወይም የሚሽከረከር ጫፍ ይመረጥ።

የምናስተምረው ስልት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ የአሜሪካ ወታደሮች በፔንሲልቬኒያ ቫሊ ፎርጅ ሆስፒታል ሪቻርድ ሁቨር ያደራጀው ነው፤ መሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ደረጃ በደረጃ እንዲህ ይሄዳል።

ልጁ ቆሞ ይጀምር። እጁ እምብርቱ ፊት ለፊት፣ ከሆዱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይሁን። ጠቋሚ ጣት በመያዣው ጎን ወደታች ይዘርጋ፣ አውራ ጣት ከላይ ይረፍ፣ ሌሎቹ ከሥር ይቀፉት። መያዣውን ጨምቆ ከያዘ በትሩ ሲሰካ ሆዱን ይወጋዋል፤ ላላ አድርጎ ከያዘ ግን በእጁ ውስጥ ወደኋላ ይንሸራተታል። ከዚያ ባለበት ቆሞ አንጓውን ብቻ እያንቀሳቀሰ ጫፉን ግራና ቀኝ ይንካ። ጫፉ ከእያንዳንዱ ትከሻ በሦስት ወይም አራት ሴንቲ ሜትር ይለፍ፣ ሲሻገር ከመሬት ከሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ አይነሳ። ረዳቱ በልጁ ግራና ቀኝ ሁለት የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቢያስቀምጥ ልጁ ስፋቱን በድምፅ ያገኘዋል፤ 20 ጊዜ ተከታትሎ ሁለቱንም በስሱ ከነካ ይበቃል።

ቀጥሎ እርምጃው ይጨመር። ግራ እግር ሲራመድ ጫፉ በቀኝ ይነካል፣ ቀኝ ሲራመድ በግራ፤ ቀጣዩ እግር የሚያርፍበትን ቦታ በትሩ አስቀድሞ እንዲያይ ነው። መጀመሪያ ብዙዎች እግርና በትር በአንድ ጎን ያደርጋሉ። ይህ ከተምታታ እንዲያስተካክል እየጮኻችሁ አታስቸግሩት፤ ይቁም፣ በትሩን ወደ ቀኝ ያኑር፣ በግራ እግሩ ይጀምር። አጀማመሩ ከተስተካከለ ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይከተላል። እጅግ ከቸገረው ጫፉን ከመሬት ሳያነሳ እያንሸራተተ ይሂድ፤ ለቦይና ለደረጃ ጠርዝ ማንሸራተት እንዲያውም ይበልጣል።

በድምፅ ቅጂ ብቻ ብዙ ነገር ይለያል። ጠቅታው በአንድ በኩል ጎልቶ በሌላው ከደበዘዘ እጁ ከመሃል ወጥቷል። ጠቅታው ከእርምጃው ከፈጠነ ፈርቷል፤ ቦታውን ለውጡለት እንጂ ፍጥነቱን አትቆጣጠሩት። ልጁ ቀጥ ብሎ መሄድ አቅቶት ወደ አንድ ጎን ከሄደ ደግሞ ከኋላ በተቀረጸው ቪዲዮ እጁን እዩ፤ ብዙ ጊዜ እጁ ወደ ዳሌው ሸሽቷል፣ የበትሩ ጫፍ ግራና ቀኝ ሲሄድ የሚሠራው ቅስትም ወደዚያ ጎን ሰፍቷል።

በከፊል የሚያይ ተማሪም በትሩን ይማር፤ ዓይኑን ሸፍኖ መለማመድ ግን በአካል ካለ መምህር ጋር ብቻ ነው። ለእሱ ረዳቱ የደረጃውን ጠርዝና የበሩን ደፍ በነጭ ወይም ቢጫ ቀለም ያስምር፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊቱ ላይ በምትወርድበት መንገድ ባለጥላ ቆብ ያድርግ።

መንገድ ማስተማር

የመጀመሪያው መንገድ ከ20 ሜትር አይበልጥ፤ ልጁ በየቀኑ የሚፈልገውም ይሁን፦ ከቤት በር እስከ ቧንቧ፣ ወይም እስከ መጸዳጃ ቤት። ረዳቱ ብቻውን ሆኖ መንገዱን እየቀረጸ ይሄዳል፣ መምህሩ ካርታውን ይሥላል፤ ከዚያ ቋሚ ምልክቶችን ይለያሉ። ቋሚ ምልክት ሁልጊዜ ያለ፣ አንድ ቦታ ብቻ ያለ፣ በበትር ወይም በእግር የሚገኝ ነገር ነው፦ የመብራት ምሰሶ፣ አፈሩ አልቆ ኮብልስቶን የሚጀምርበት ቦታ፣ የቦይ መሸፈኛ ብረት። ፍንጭ ግን አንዳንዴ ብቻ ይገኛል። የወፍጮ ቤቱ ድምፅ መብራት ሲጠፋ ይጠፋል፤ የቡና ቁላት ሽታ ነፋስ ይወስደዋል፤ በቆሎ ጠባሿ ከወቅቱ ጋር ትሄዳለች። ፍንጭ ያግዛል፣ መታጠፊያ ግን በፍንጭ ብቻ አይወሰንም። እርምጃ ቆጥሮ መሄድም እንደዚያው ነው፤ ጭቃ ሲሆን፣ ሲቸኩል፣ ልጁ ሲያድግ ቁጥሩ ይለወጣል።

ካርታው በዳሰሳ ይሠራ። 50 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የካርቶን ቁራጭ፣ ለመንገድ ሲባጎ፣ ለአጥር የክብሪት እንጨት፣ ለቋሚ ምልክት ባቄላ፣ ለቤት በር በቆሎ፤ በዱቄት ሙጫ ይጣበቅ። መምህሩም ያንኑ ሠርቶ ፊቱ ያስቀምጥ፤ በስልክ ሲነጋገሩ ሁለቱም ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ ያሳርፋሉ። አሁን ጥያቄው ይምጣ፦ «ከቧንቧው ስትመለስ አጥሩ በየትኛው እጅህ ነው?» «ምሰሶውን ሳታገኝ ኮብልስቶን ከረገጥክ የት አለፍክ?» በእንዲህ ያለው ሥራ የስልክ ትምህርት ከአካል ትምህርት አያንስም፤ መምህሩ መጠቆም ስለማይችል ልጁ ሁሉንም በቃል መግለጽ ግድ ይሆንበታል።

መንገዱ በሦስት ወይም አራት ክፍል ይከፈል። ከመጨረሻው ክፍል ጀምሩ፤ ረዳቱ ልጁን እስከ ምሰሶው ይምራው፣ ከምሰሶው እስከ ቧንቧ ብቻውን ይሂድ። ሁልጊዜ በድል ይጨርሳል፣ አዲሱ ክፍልም ወደሚያውቀው ያደርሰዋል። መመለሻው ሌላ መንገድ ነው፤ ለብቻው ይማር። አንድን መንገድ ተማረ የምንለው በተለያዩ ቀናት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሲመለስ፣ ረዳቱም አጠገቡ ሆኖ አንድም ቃል ሳይናገር ነው።

መጥፋትንም አስተምሩት፤ ሆን ተብሎ ይለማመድ። ይቁም፣ ያዳምጥ፣ እርግጠኛ የሆነበትን የመጨረሻ ምልክት ያስታውስ፣ ወደዚያ ይመለስ። ካልሆነ ሰው ይጠይቅ። የሰፈር ሰው በደግነት እጁን ዘርግቶ «ያውልህ» ይላል፣ ወይም በትሩን ይዞ ይጎትታል። ልጁ ሁለት ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይያዝ፦ «ይቅርታ፣ ሱቁ በቀኜ ነው በግራዬ?» እና «እግዜር ይስጥልኝ፣ በትሩን ይተዉልኝና ክንድዎን ልያዝ።» መምህሩ በስልክ መንገደኛ እየሆነ ያለማምደው።

ከሩቅ የማይሰጥ ትምህርት

መንገድ መሻገር በስልክ አይሰጥም። የባቡር መሳፈሪያ፣ የወንዝ ድልድይ፣ ክፍት ቦይ ባለበት ዳር ብቻውን መሄድ፣ አዲስ ደረጃም እንደዚሁ። ቤተሰብ ቢለምንም፣ ልጁ ጎበዝ ቢሆንም መልሱ አይለወጥም።

ለመሻገር የሚያዘጋጀው ማዳመጥ ግን ከሩቅ ይሠራል። ልጁ ከረዳቱ ጋር በግቢው በር ውስጥ ቆሞ ለአሥር ደቂቃ መንገዱን ያዳምጥ፦ ባጃጅ ወይስ መኪና፣ ከግራ ወይስ ከቀኝ፣ እየቀረበ ወይስ እየራቀ፣ እየሄደ ነው ወይስ ቆሞ ሞተሩ ብቻ ነው የሚሠራው። በኢትዮጵያ መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞረ ሰው ቅርብ ባለው መስመር የሚመጣውን ከግራው ይሰማዋል። የኤሌክትሪክ መኪኖች በበዙበት በአሁኑ ጊዜ ዝምታ ማለት ባዶ መንገድ አለመሆኑን ደጋግማችሁ ንገሩት። ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ልምምዱ ይቁም፤ ዝናብ ሲዘንብ በእግሩም ካለበት እንደማይንቀሳቀስ በዚያው ይማራል።

መምህሩ በአካል ሲመጣ ወይም ልጁ ወደ ማዕከሉ ሲሄድ እንዲቀጥል፣ ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ አምስት መስመር ይጻፍ፦ የትኛው መንገድ፣ ረዳቱ ስንት ጊዜ ነካው፣ ስንት ጊዜ ተናገረ፣ ልጁ ምን ምልክት ዘለለ፣ በትሩ ምን ላይ ተሰካ። ረዳቱ የነካበትና የተናገረበት ቁጥር ከሳምንት ሳምንት ካልቀነሰ ስህተቱን በልጁ ላይ ከመፈለጋችሁ በፊት ከረዳቱ ጋር ደውላችሁ ተነጋገሩ።